የንጉሡ ውሻና የወሎ ግብር

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ቴሌቪዥን የነበረው የአዲስ አበባ ሰው የዘመን መለወጫን በዓል ያመሸው አንድ ፊልም እያየ ነበር። ፊልሙ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ገብቶ ያነሣው፣ ጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ታይቶ ብዙ ሰው ያስደነገጠ የረሃብ ዘገባ ነው። ደርግ ግን እንዳለ አላቀረበውም። አጥንታቸው ከሚቆጠር ሕፃናት ምስል ቀጥሎ የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ከግብዣው ቀጥሎ ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ቁራጭ እያስገባ አዛምዶ አሳየው። በማግሥቱ ጧት አፄ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ወጥተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። በሌላው ዓለም የተሻረ ንጉሥ ውሻ የሚነሣው ከጌታው ውድቀት በኋላ፣ «የት ደረሰ?» ተብሎ ነው። እኛ ዘንድ ውሻው የተነሣው ከውድቀቱ በአንድ ቀን ቀድሞ ነው፤ የተነሣውም ለምስክርነት ነው። የመሰከረውም በወሎ ስም ነው።

ይህን ምስክርነት እንደገና መመርመር ይገባል። እኔ የምለው፣ የንጉሡ ውሻ በወሎ ረሃብ ላይ እንዲመሰክር መደረጉ ንጉሡን ለማውረድ ጠቀመ፤ ወሎን ግን ጎዳ። ጥያቄውን ከእህል፣ ከመሬትና ከመንግሥት ወሬ አደራረስ አውጥቶ በአንድ ጉርሻ ሥጋ ላይ አሳረፈው። ጉርሻው ሲቀር ጥያቄውም የተመለሰ መሰለ። ያልተመለሰ መሆኑ የታየው በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ነው።

ምስሉ የአዲስ አበባን ሰው እንዲያ የወጋው ያለ ምክንያት አልነበረም። በአማርኛ ግብር የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ገበሬው ለጌታው የሚያገባው ግብር ይባላል፤ ጌታው አዳራሽ ከፍቶ ለሰው የሚያበላውም ግብር ይባላል። ቋንቋው ሁለቱን በአንድ ቃል ያሰረው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ከጎተራ የወጣው በማዕድ ተመልሶ ሲታይ ነው ግብሩ ሙሉ የሚሆነው። የደጋው ሰው ንጉሥን የሚያውቀው በዘውዱ ብቻ አልነበረም፤ በሚያበላው ጮማና በሚያጠጣው ጠጅ፣ አጋፋሪው ማንን አስገብቶ ማንን እንደመለሰ ጭምር ነበር። ወሎ የዚህ ሥርዓት ባዳ አይደለም። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ እስከ ዛሬ አይጠየፍ ይባላል፤ ማንንም የማይጠየፍ ማለት ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ ጎን ለጎን በሚኖርበት አገር እንዲህ ያለ ስም ለአዳራሽ መስጠት ራሱን የቻለ የአገዛዝ ሐሳብ ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የውሻ ቦታ የታወቀ ነው። በምዕራባዊው የወሎ ደጋ፣ በቦረናም ሆነ በሳይንት፣ በለጋምቦም ሆነ በተንታ፣ ውሻ የደጅ ነው። በረት ይጠብቃል፣ ጅብ ይመልሳል፣ የተረፈውን ይበላል። በእስላሙ ቤት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ሃይማኖትም ይከለክለዋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ሉሉ የተባለ ቺዋዋ ነበራቸው፤ በጉልበታቸው ላይ ተቀምጦ የተነሣቸው ፎቶግራፎች ብዙ ናቸው። ይህ በአውሮፓ ነገሥታት ዘንድ ተራ ነገር ነው። ለእኛ ሰው ግን የደጁ ወደ ዙፋን የቀረበበት፣ ወደ አዳራሹ መግባት የሚገባው ደግሞ በመንገድ ዳር የወደቀበት ምስል ሆነ። ደርግ ይህን በደንብ አውቆ ተጠቀመበት። ፊልሙ የተገለበጠ ግብር አሳየ። ጉድለቱ ግን እዚያው ላይ ነው። ከግብር ሁለት ፊት ያሳየው የማብላቱን ብቻ ነበር። የማስገባቱን ፊት፣ ማለትም ከወሎ ገበሬ ምን ተወሰደ፣ ማን ወሰደው፣ በየትኛው ዓመት አልተማረለትም የሚለውን አላሳየም። አልጋ ወራሹ መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ለረጅም ዘመን የወሎ ገዥ እንደነበሩ ለሚያስታውስ ሰው፣ ከቤተ መንግሥቱ ቤተሰብ ጋር የሚነሣው የወሎ ጥያቄ የውሻ ጥያቄ ሳይሆን የመሬትና የግብር ጥያቄ ነበር።

ምዕራባዊው የወሎ ደጋ የተሻረ ንጉሥና የእንስሳቱን መጨረሻ ከዚያ በፊትም አይቷል። ከቦረናዋ ከተማ ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከሳይንት ደጋ ማዶ መቅደላ አለች። አፄ ቴዎድሮስ አንበሶችን አላምደው በአጠገባቸው ያኖሩ ነበር። ፈረንሳዊው ቆንስል ጊዮም ሌዣን በ1850ዎቹ መካከል እንግዳ ሆኖ ካያቸው በኋላ በአውሮፓ የታተመው ሥዕል፣ ንጉሡን በአንበሶች ተከበው ችሎት ላይ ያሳያቸዋል፤ ዛሬም በየመጽሐፉ የምናየው እሱን ነው። አንበሶቹ ለእንግዳ ማስፈሪያ፣ ለንጉሡ የነገድ ምልክት ነበሩ። በመቅደላ መጨረሻ ላይ ግን ጉዳዩን የወሰኑት እንስሳት አንበሶች አልነበሩም። በ1860 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት ቴዎድሮስ፣ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ሊያስፈታ ለመጣው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ለጄኔራል ናፒየር 1000 ላምና 500 በግ ላኩ። በእኛ ወግ ከሰው እጅ ማዕድ መቀበል ሰላም መቀበል ነው። የተቀበሉ መስሏቸው እስረኞቹን አውሮፓውያን ለቀቁ። ከብቱ ወደ እንግሊዝ ሰፈር አለመግባቱን ሲሰሙ ዕርቁ እንደሌለ ገባቸው፤ በማግሥቱ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። እዚህም ነገሩን የተሸከመው ሥጋ ነው። ንጉሥ ሥጋ ሲሰጥ የሚናገረው ቋንቋ አለ፤ ናፒየር ያን ቋንቋ አላነበበም፣ ደርግ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ አሳምሮ አነበበው።

ከመቅደላ ውድቀት በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ታቦቱና ብራናው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወደ ዳላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም በጨረታ ተሸጠ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልዑል ዓለማየሁ ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋር ተወሰደ፤ እናቱ መንገድ ላይ ትግራይ ውስጥ ሞተች፤ እሱ እንግሊዝ ደርሶ በ18 ዓመቱ አረፈ፣ ዊንዘርም ተቀበረ። ከመቅደላ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር የቻይናን የበጋ ቤተ መንግሥት ሲዘርፍ አንዲት ትንሽ ውሻ ተማርካ ለንግሥት ቪክቶሪያ ቀርባ ነበር። ንግሥቲቱ ቤት የተሰጣት ስም «ሉቲ» ነው፤ «ምርኮ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የወጣ። ሥዕሏን አሣሏት፤ ዊንዘር ኖራ ሞተች። የሩሲያው አልጋ ወራሽ የአሌክሴይ ውሻ ጆይም፣ ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1918 ኤካቴሪንቡርግ ላይ ሲረሸን ተርፎ፣ በአንድ ሩሲያዊ ኮሎኔል እጅ እንግሊዝ ገብቶ ዊንዘር አጠገብ ነው ያረፈው። ልጅንና ውሻን እኩል ለማድረግ አይደለም የማነሣቸው፤ ልቤም አይፈቅድም። ከወደቀ ቤት የተረፈ ፍጡር፣ ሰውም ይሁን እንስሳ፣ አሸናፊው በሰጠው ስም ሲጠራ የሚደርስበትን ለማየት ነው። ሉቲ ምርኮ ተባለች፤ የእኛው ሉሉ ብክነት ተባለ። ፖላንዳዊው ሪሻርድ ካፑሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው «ንጉሠ ነገሥቱ» በተባለ መጽሐፉም ውሻው ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ብቅ ይላል፤ የኢትዮጵያ ታሪክ ምሁሩ ሃሮልድ ማርከስ መጽሐፉን አጥብቆ ቢተችም፣ ዓለም የሚያስታውሰው ግን የውሻውን ታሪክ ነው።

በደጋው ወግ ለመኳንንት ከሁሉ የቀረበው እንስሳ ውሻም አንበሳም ሳይሆን ፈረስ መሆኑን እዚህ ላይ መጨመር ያስፈልጋል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ልጅ ኢያሱ አባ ጤና፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል የተባሉት በፈረሳቸው ነው። ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሲሻሩ፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤልም በወሩ ሰገሌ ላይ ሲማረኩ፣ የተሻሩት ንጉሥ የተጠጉት ወደ መቅደላ ነበር፤ በ1909 ዓ.ም. ተከበው ከዚያም አምልጠው ወጥተዋል። የተሸነፈ ሰው ፈረሱ ይማረካል፣ ይወረሳል፣ ወይም በሌላ ሰው ኮርቻ ሥር ይገባል። ስሙ ግን ከጌታው ጋር ይቀራል። ይህ ወግ ለእንስሳው የሰጠው ክብር ትልቅ ነው። በደግ ተጠርቶ ይኖራል እንጂ ለጌታው ኃጢአት አይመሰክርም።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ፤ የሚነሣው ተቃውሞ ጠንካራ ነውና። የመጀመሪያው «ምስሉ ውሸት ነበር ወይ?» የሚል ነው። አልነበረም። ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ይሰጡ ነበር፤ ሰው በረሃብ በሚያልቅበት ወራት ቤተ መንግሥት ግብዣ ነበር። ይህን ማስተባበል ለወሎ ሙታን ንቀት ነው። ነገር ግን እውነተኛ ምስል ከአጠገቡ ያለውን ሌላ እውነት ሊጋርድ ይችላል። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ስለ ድህነትና ረሃብ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ጉዳይ መርምሯል። ያገኘው የሚያስደነግጥ ነው፤ በረሃቡ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ይህን ያህል አላሽቆለቆለም፤ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋም ከሚጠበቀው በላይ አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። ሰው የሞተው እህል በአገር ስለጠፋ ሳይሆን የሚገዛበት ስላጣ ነው። አዝመራው የከዳው ገበሬ የሚሸጠው ሲያልቅበት፣ አፋሩ ከብቱ ሲያልቅበትና የአዋሽ ዳር ግጦሹ የጥጥ እርሻ ሲሆንበት፣ እህል የጫነ መኪና በፊታቸው ወደ ሌላ አገር ያልፋል። በፊልሙ መካከል ከውሻው ይልቅ ያን የጭነት መኪና ማስገባት ይገባ ነበር።

ከእህሉ መኪና ቀጥሎ የሚገባው ደግሞ ወረቀት ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በኢትዮጵያ ገጠር ስለ ረሃብ በጻፉት ጥናት፣ የ1958 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ወሬ ከባለሥልጣን ወደ ባለሥልጣን ሲተላለፍ ቆይቶ ለንጉሠ ነገሥቱ የደረሰው በ302 ቀን መሆኑን አሳይተዋል። 302 ቀን ከአንድ ክረምት ወደ ሌላው ክረምት ሊያደርስ ምንም አይቀረውም። እግረኛ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ አዲስ አበባ ደርሶ ስንት ጊዜ ይመለስ ነበር! የአንድ መንግሥት ጥፋት የሚለካው በዚህ ነው። ለውሻ የተቆረጠ ሥጋ የጌታውን ልብ ያሳያል፤ 302 ቀን ግን ሥርዓቱን ያሳያል። ሥርዓት ደግሞ ንጉሥ ሲወርድ አብሮ አይወርድም፤ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ይቀጥላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ያ ምስል ባይኖር ሕዝቡ ባልተነሣ» የሚል ነው። የዘመኑ ቅደም ተከተል ግን ይህን አይደግፍም። ጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ያለው ጦር በራሱ ምግብና ውሃ ጉዳይ አመፀ (ይህ የሲዳሞው ቦረና ነው፣ የወሎው አይደለም)። የካቲት ላይ መምህራንና ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በዚያው ወር ወደቀ። ሰኔ ላይ ደርግ ተቋቁሞ ባለሥልጣናቱን አንድ በአንድ ማሰር ጀመረ። መስከረም 1 ሲደርስ ሥልጣኑ ከእጅ ወጥቷል። ፊልሙ ያበቃለትን ነገር ሰው እንዲቀበለው አደረገ እንጂ አልወለደውም። ለዚህ ሥራ ወሎ ፊት ሰጠች፣ ውሻው ደግሞ ጥፋተኛ ሆነ። ቴሌቪዥን በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ነገር ነበርና ስሙ የተነሣበት የወሎ ገበሬ ፊልሙን አላየውም፤ «ይህ ነው በደሌ» ብሎም የጠቆመው የለም።

እንግዲህ የንጉሡ እንስሳት ከዚያ ወዲያ ምን ሆኑ? የዚህ መልስ ለክርክሬ ዋና ማስረጃ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው አንበሳ ግቢ በ1940 ዓ.ም. የተከፈተው ለንጉሡ አንበሶች ነው። አጠገቡ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ ንጉሡ ከዚያ ርቀው ኢዮቤልዩ ገቡ፤ አንበሶቹ ከቦታቸው አልተነሡም። የንጉሥ ከመሆን ይልቅ የከተማ እየሆኑ ሄዱ። ደርግ መጥቶ መጀመሪያ የሰንደቅ ዓላማውን አንበሳ ዘውዱን አወለቀ፤ ቆይቶም አንበሳውን ራሱን አወረደ። በስድስት ኪሎ ያሉት ሕያዋን አንበሶች ግን ሥጋቸው አልተቋረጠም። የከተማው አውቶቡስም አንበሳ እንደተባለ ቀረ፤ በባቡር ጣቢያው ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም ቆመ። የአንበሶቹ ዘር ሳይቋረጥ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘረ መል ጥናት ከአንበሳ ግቢ 15 አንበሶችን መርምሮ ከሌላው አፍሪካ አንበሳ የተለዩ መሆናቸውን አረጋገጠ። ዘራቸው እንዲጠበቅም አሳሰበ። ከቬርሳይ የተሻረው የፈረንሳይ ንጉሥ ቤት አንበሳም ከውሻ ጓደኛው ጋር ወደ ፓሪስ የዕፀዋት ግቢ ተዛውሮ የሕዝብ መካነ እንስሳት መጀመሪያ ሆኗል። ጠባቂና በጀት ያለው እንስሳ ከንጉሡ ይተርፋል። በጀት ሲጎድል ደግሞ፣ በ1999 ዓ.ም. የዜና ወኪሎች ከአንበሳ ግቢ እንደዘገቡት፣ ቦታና ገንዘብ በማጣት ግልገሎች ይገደሉ ነበር።

አንበሶቹ በመትረፋቸው ደስ ይለኛል፤ ማንም ኢትዮጵያዊ ሊደሰት ይገባል። ነገር ግን ነገሩን ልብ በሉ። ንጉሡ ለእንስሳ ሥጋ በመስጠታቸው ተከሰው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ አዲሱ መንግሥትም ለእንስሳ ሥጋ ይሰጥ ነበር፤ መስጠቱም ትክክል ነበር። ስለዚህ የወሎ ሰው የሞተው የንጉሡ እንስሳ ሥጋ ስለበላ አልነበረም፤ ክሱን ያቀረበውም ይህን በሥራው አስመስክሯል። በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በድምቀት ሲከበር ቆረም ላይ ሰው እየረገፈ ነበር። ወሬው እንደገና ተደበቀ፤ እንደገና የውጭ ጋዜጠኛ ካሜራ አወጣው። ንጉሡ አልነበሩም፣ ውሻውም አልነበረም፤ የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የመሬት አዋጅም ጌቶቹን ከነሳቸው አሥር ዓመት ሊሞላ ነበር። የወሬው መንገድ ግን ያው ነበር። ከወሎ ከተነሡት የሚበዙበት ወደ 600 ሺህ ሰው በሠፈራ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተጋዘ።

እዚህ ላይ ምዕራባዊው ደጋ የራሱ የሆነ ነገር አለው። የ1966ቱም የ1977ቱም ካሜራ የቆመው ከደሴ ወደ ሰሜን በሚሄደው አውራ ጎዳና ዳር ነው፤ የተራበው ሰው ወደ መንገዱ ስለሚወጣ። በ1966 ክፉኛ የተጎዳውም የምሥራቁ ወገን፣ ራያና ቆቦ፣ የጁ፣ አምባሰል ነበር። ከጉጉፍቱ ማዶ ወደ ምዕራብ ያለው አገር ግን፣ ለጋምቦና ተንታ ከበልግ ዝናብ ጋር የሚኖሩበት፣ ሳይንትና ቦረና ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ገደል የሚያዘቀዝቁበት፣ ካሜራም የጭነት መኪናም በቀላሉ የማይደርስበት ነበር። በልግ ሲቀር ወይም ውርጭ ገብሱን ሲመታ እዚያ የሚሆነውን ማንም በፊልም አዛምዶ አላሳየም። ከጉልበት ላይ ውሻ ጋር የሚታይ ረሃብ ብቻ ነው ታሪክ የሚሆነው ብለን ከተቀበልን፣ ይህ አገር ታሪክ የለውም ማለታችን ነው።

ዛሬ የኢዮቤልዩው ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሆኖ ለጎብኚ ተከፍቷል። በታላቁ ቤተ መንግሥት ያለው አንድነት ፓርክም ጥቁር ጎፈር አንበሶችን ያሳያል። ደሴና መካነ ሰላም ያሉ ትምህርት ቤቶች የዲምብልቢን ፊልም በሁለቱም መልኩ፣ እንደተነሣውና ደርግ እንደቀጠለው፣ ጎን ለጎን ለተማሪ ቢያሳዩ ትልቅ የታሪክ ትምህርት ነው። አስጎብኚዎችንም አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ጎብኚ ስለ ሉሉ ሲጠይቅ ስለ ሉሉ ንገሩት፤ ቀጥላችሁም የ1958ቱ የረሃብ ወሬ ከወሎ ተነሥቶ እዚህ ደጃፍ ለመድረስ 302 ቀን እንደፈጀበት ንገሩት።